አንድ ቀን ለሁለት ቤት፦ ከዴራ ተነስቶ ሪዞርት ለሚያይ ቤተሰብ ምክር

ልጄ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆችሽንና እናትሽን ይዘሽ ወደ ዴራ ልትመጪ ነው፤ ከቀኖቹም አንዱን ለሪዞርት ጉብኝት መድበሻል። የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት፦ ሶደሬ፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ላንጋኖ፤ ሁሉም በአንድ ቀን። የመረጥሻቸው ቦታዎች ጥሩ ናቸው፤ የሚጎድልሽ ሰዓት ነው። ዴራ በአዳማና በአሰላ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ለመዝናናት የሚወጣና የሚወርድ ቤተሰብ በደጃችን ያልፋል፤ ማን ደስ ብሎት እንደሚመለስ፣ ማን ተኮራርፎ እንደሚመለስ ማየት ለምደናል። ካየሁት ያወጣሁልሽ ምክር ይኸው።

1. ቤቱ በምን ላይ እንደቆመ እወቂ።

ደኅና የሚባል ሪዞርት ሁሉ የቆመበት አንድ ነገር አለው። ሶደሬ በፍል ውሃ ላይ ቆሟል። የቢሾፍቱዎቹ እሳተ ገሞራ በተወው ሐይቅ ዳር ናቸው። ኃይሌ ሪዞርትን ያቆመው የአንድ ሯጭ ስም ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሕንፃው ራሱ ታሪክ እንዲናገር ተደርጎ የሚሠራ በዝቷል። ቡራዩ ላይ የተሠራው የኩሪፍቱ የአፍሪካ መንደር የአህጉሩን አገሮች ባህል በየቤቱ አሠራር ለማሳየት የታሰበ ነው። ዳውሮ ውስጥ ያለው ሃላላ ኬላ ስሙን የወሰደው ከንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ ነው። ወንጪና ጎርጎራም በ«ገበታ ለአገር» ፕሮጀክት አብረውት የተሠሩ ናቸው። እነዚህን ለሌላ ዓመት አቆዪያቸው፤ ከዴራ ደርሶ መልስ የሚሆኑ አይደሉም። ቁም ነገሩ፣ ወደ አንድ ቤት ከመግባትሽ በፊት «እዚህ ብቻ የማገኘው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካላገኘሽ ቤቱን ዝለይው። ዋና ገንዳና ጥብስ በየከተማው አለ።

2. ሁለት ቤት ይበቃሻል።

ከዴራ አዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሶደሬ የሚያስገባው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ከአዳማ መንገድ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ጉዞ አያደክምም። ከአዳማ ቢሾፍቱ ግን ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ማታ ያንኑ ሁሉ ትመለሺዋለሽ። ላንጋኖ ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፍ ነውና የራሱን ቀን ይፈልጋል፤ ነጋዴው በቀለ ሞላ በዚያ መስመር ሆቴሎች ሲሠሩ መንገደኛ እንዲያድርባቸው አስበው ነው። እንግዲህ ከሁለት አንዱን ምረጪ። እናትሽ አብረው ከሆኑ ጠዋት ሶደሬ፣ ምሳና ከሰዓት አዳማ። ጎረምሶቹ ብቻ ከሆኑ ጠዋት በቀጥታ ቢሾፍቱ፣ ሲመለሱ አዳማ። ሦስቱንም ካልሽ ልጆችሽ የሚያስታውሱት የመኪና ወንበርና የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

3. ሶደሬን በጠዋቱ ያዥው።

ከዴራ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተነሺ። ሶደሬ አዋሽ ዳር ያለ ቆላ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ሞቃት ውሃ ውስጥ መግባት ያዝላል፣ ሰውም ይበዛል። በጠዋት ግን ዛፎቹ ጥላ ይሰጣሉ፣ ገንዳውም ገና ጸጥ ያለ ነው። እናትሽ ደም ግፊት ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ከተፈቀደላቸውም አጠር አጠር አድርገው ይግቡ፣ በየመካከሉ ወጥተው ውሃ ይጠጡ። የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ የሚበልዘው በዚሁ ነው። የግቢው ጦጣዎች የሰው ፍርሃት የላቸውምና ብስኩት በልጅ እጅ አትተዪ። ወደ ወንዙ ዳር ደግሞ ልጆቹ ብቻቸውን አይውረዱ፤ አዋሽ ውስጥ አዞ አለ።

ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ነገር ንገሪያቸው። በ1989 ዓ.ም. የሶማሊያ አንጃዎች መሪዎች ስለ አገራቸው ሰላም ለመምከር የተሰበሰቡት እዚሁ ሶደሬ ነበር፤ ስምምነታቸውም በሶደሬ ስም ተጠርቷል። ገንዳ ለመዋኘት የመጣ ልጅ ይህን ሲሰማ ቦታውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

4. ሐይቅ ለማየት እንጂ ለመድፈር አይደለም።

ቢሾፍቱን ከመረጥሽ፣ የከተማዋ ሀብት ሐይቆቿ ናቸው፦ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎችም። ብዙዎቹ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀሙ ስለሆኑ ዳራቸው ገደል፣ ወለላቸውም ጥልቅ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ሁለት እርምጃ ገብቶ መሬት ማጣት አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ልጆቹ መዋኘት ካማራቸው ገንዳ ወይም የኩሪፍቱ የውሃ መዝናኛ አለላቸው፤ ጀልባ ከተሳፈሩ ላይፍ ጃኬቱ እስኪታሰርላቸው ድረስ አታስነሺ። ኩሪፍቱ ሪዞርትን ያቋቋመው ታዲዮስ በለጠ ከአሜሪካ ተመልሶ ሥራ የጀመረ ሰው ነው፤ ድንጋዩንና እንጨቱን ከአካባቢው ወስዶ የሠራውን ቤት ልብ ብለሽ እዪ። ፎቶ ስታነሺ ግን ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ መሆኗን አትርሺ፤ ካሜራሽ ወደ ካምፑ አይዙር።

5. በኃይሌ ቤት ምሳ ብሉ፣ ስለ አርሲም አውሩ።

አዳማ ላይ ምሳ የሚበላበት አይጠፋም። ልጆችሽ ግን የአርሲ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ኃይሌ ሪዞርት ብትወስጂያቸው ምግቡ ላይ ታሪክ ትጨምሪላቸዋለሽ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሄደው 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው። በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒኮች በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ። በሩጫ ያገኘውን ገንዘብ ሐዋሳ ላይ ሪዞርት ሠራበት፤ ከዚያም አርባ ምንጭ፣ ጎንደር፣ አዳማ እያለ ቀጠለ። እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂም ከአሰላ ወደ ደቡብ ያለች የእኛው ከተማ ናት። ትንሹ ልጅሽ «ሯጭ ምን ያደርጋል በሆቴል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እግር የሚያረጅ መሆኑን፣ ቤት ግን ለሌላ ሰው እንጀራ እንደሚሆን አስረጂው።

6. ሒሳቡን ከመቀመጥሽ በፊት ሥሪ።

በስልክ ጠይቂ፦ ሳያድሩ ለሚገቡ የመግቢያ ክፍያ አለ? ከምግብ ሒሳብ ይታሰባል? ገንዳው ለብቻ ይከፈላል? የልጅ ዋጋ እስከ ስንት ዓመት ነው? የቅዳሜና እሑድ ዋጋ ይለያል? አንዱን ቤት ርካሽ ያስመሰለው መግቢያው ነጻ መሆኑ ሊሆን ይችላል፤ ትርፉን በምግቡ ላይ ይወስደዋል። ምናሌው ላይ ያለው ዋጋም ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። በትልልቆቹ ሆቴሎች 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፤ የ1,000 ብር ምግብ 1,265 ብር ይሆናል ማለት ነው። የቤተሰቡን ምሳ በዚህ አስልተሽ ያዥ። ሒሳብ ሲመጣ ባልሽ ፊቱን ካጠቆረ የቀኑ ደስታ እዚያው አለቀ።

7. ስንቅ ያዢ፣ ጾሙንም አስቢ።

ብዙ ሪዞርት ምግብ ከውጭ አያስገባም፤ በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ለመንገዱ ግን የአርሲ ጭኮ የሚተካከለው የለም። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቂቤ የታሸ ስለሆነ አይበላሽም፣ ትንሹም ያጠግባል። መኪና ውስጥ ይቆይ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከሆነ ለእናትሽ የጾም ምግብ መኖሩን ቀድመሽ አረጋግጪ፤ «በየዓይነቱ አለቀ» የሚባለው በተራቡበት ሰዓት ነው። አብረውሽ ከሚሄዱት ሙስሊም ካለም የሥጋውን ነገር በግልጽ ጠይቂ፤ በእኛ አገር ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

8. ቀኑን ከቦታው ይልቅ ተጠንቅቀሽ ምረጪ።

የቢሾፍቱና የአዳማ ሪዞርቶች በሥራ ቀን የሚኖሩት በስብሰባና በሥልጠና ነው። አዳራሹና የምሳ ሰልፉ በወርክሾፕ ሰው ይሞላል፤ ገንዳው ግን ባዶ ነው። እሑድ ተገላቢጦሽ ይሆናል፦ በተለይ በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ሰሞን ሲሆን ሙሽራና ካሜራ የሣሩን መስክ ይይዘዋል። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ምረጪ፤ ምሳውንም ከስብሰባው ሰው ቀድመሽ፣ ማለትም ከ6 ሰዓት በፊት ብዪ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ እሰየው፤ ለሪዞርት ከሆነ ግን በዚያ ቀን ቢሾፍቱን አታስቢ። ከዓመቱ የሚስማማው የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከመጀመሩ በፊት ያለው ዕረፍት ነው፤ ዝናብ የለም፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ከመጣሽ ቆላው ላይ የወባ ትንኝ አለና ሳይመሽ ውጡ፣ ልጆቹንም እጅጌ ረጅም አልብሺ።

9. መንገዱን አክብሪ።

ከአዳማ ቢሾፍቱ በፍጥነት መንገዱ ሂዱ። ሲገቡ የሚሰጠውን ቲኬት ሾፌሩ እንዳይጥለው፤ ሲወጡ የሚከፈለው በዚያ ነው። ያ መንገድ ባጃጅና ከብት ስለሌለበት ያማልላል፤ የአዳማና የዴራ መንገድ ላይ ስትገቡ ግን አህያውም፣ ባጃጁም፣ አይሱዙውም ይጠብቃችኋል። ለዚህ ነው ከ12 ሰዓት በፊት ዴራ ግቡ የምለው። በመነሻሽ ዋዜማ የመናኸሪያ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቂ፤ ከእነሱ የቀደመ ወሬ የሚያውቅ የለም። መታወቂያም አትርሺ፤ በኬላም በሆቴል በርም ይጠየቃል።

ቀደም ብላችሁ ከተመለሳችሁ ደግሞ ለዴራ ዲልፈቀር ጥቂት ጊዜ ስጡ። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ነው፤ አጋዘኖቹ ከቁጥቋጦው የሚወጡት ፀሐይ ስትበርድ ነው። በሪዞርት የሲሚንቶ አንበሳ አይተው የመጡ ልጆች ቀንዱ የተጠማዘዘውን እውነተኛውን አጋዘን ከዴራ አጠገብ ያዩታል፤ መጀመሪያ ግን የፓርኩን ጠባቂዎች አነጋግሩ።

10. ቀኑ የአንድ ሰው አይሁን።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማለዳ መኪና ውስጥ ሆናችሁ «የት እንሂድ» መባባል ከጀመራችሁ ቀኑ አለቀ። በዋዜማው ሁሉንም ሰብስቢና እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፦ አንዱ ገንዳ፣ አንዷ ጀልባ፣ እናትሽ ፍል ውሃ፣ ባልሽ ረጋ ያለ ቡና። ሁለቱን ቤቶች ከእነዚህ ምርጫዎች አውጪ እንጂ ከማስታወቂያ ፎቶ አታውጪ። አንቺም የራስሽን ምረጪ፤ ቦርሳ ጠባቂ ሆና የምትውል እናት ያለችበት ሽርሽር ሽርሽር አይባልም።

እንግዲህ ዛሬውኑ ለእናትሽ ደውይና የትኛውን ውሃ እንደሚመርጡ ጠይቂያቸው። እሳቸው ሶደሬ ካሉ ሶደሬ ይሁን፤ ላንጋኖ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።