«ቀላዋጭ» ስድብ ነው ወይስ ቀልድ?

ጥያቄ፦ ምሳ ሰዓት ባልደረቦቼ «እንብላ» ሲሉኝ ቀረብ ብዬ እጎርሳለሁ። ሰሞኑን አንዷ «አንተ ቀላዋጭ!» ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። ስድብ ነው ወይስ ቀልድ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መቀላወጥ ሳይጠሩ የሰው ማዕድ አጠገብ እያንዣበቡ ጉርሻ መፈለግ ነው። ለማኝ በግልጽ ይጠይቃል፤ ቀላዋጭ ግን «ሽሮው እንዴት ያውዳል!» እያለ እስኪጋበዝ ይጠብቃል። «ቀላዋጭ ወጥ ያውቃል» የሚባለውም የብዙ ቤት ወጥ ስለሚቀምስ ነው።

ቃሉ በእኩዮች መካከል አብዛኛውን ጊዜ ቀልድ ነው። ለታላቅ፣ ለእንግዳ ወይም ለተቸገረ ሰው ሲነገር ግን ስድብ ይሆናል። ተጠርቶ የቀረበ ሰው በትክክለኛ ትርጉሙ ቀላዋጭ አይደለም። ሆኖም «እንብላ» አንዳንዴ የአክብሮት ቃል ብቻ ስለሆነ፣ «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ ማለፍም ያባት ነው። አልፎ አልፎ ምሳ ዕቃዎን ይዘው ቢቀርቡ ወይም ቡና ቢጋብዙ ቀልዱ መነሻ ያጣል።

ቅር ካሰኘዎት ባልደረባዎን ለብቻዋ ያነጋግሯት። ነገሩ ተደጋግሞ ማዋረድ ከሆነ ለቅርብ ኃላፊዎ ወይም ለመሥሪያ ቤትዎ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢያሳውቁ ይበጃል።