ድንች በጓሮ፦ ከሚያዝያ እስከ መስቀል

የመጀመሪያው ድንቼ የተበላሸው ገና መሬት ሳይገባ ነው። ለወጥ ብዬ ከገበያ ከገዛሁት ላይ ሁለት ኪሎ ቀንሼ ኮተቤ ባለው ጓሯችን ተከልኩ። በሰኔ አምሮ በቀለ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ እንደተቀቀለ ጎመን ተኛ። ዶፍ እየወረደ የሚጠወልግ ተክል አይቼ አላውቅም ነበር። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ጎረቤታችን መጥተው አዩና፣ «ልጄ፣ እስቲ ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ አምጪልኝ» አሉኝ። ከአንዱ ግንድ፣ ከሥሩ አጠገብ፣ ጣት የምታህል ቆርጠው ጫፏን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አጠውላጊ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ የመጣውም ከዘሩ ጋር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ድንች ለሚጠይቀኝ ሁሉ ወሬዬ ከዘር ይጀምራል። አፈር ይሻሻላል፣ ውሃም ይቀዳል፤ የታመመ ዘር ግን ሰብሉን ከማጥፋቱ በላይ መሬቱንም ለዓመታት ይበክላል።

ዘር መምረጥ

ድንችን ወደ አገራችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1858። ገበሬው ግን ለብዙ ዓመት ችላ ብሎት ቆይቶ፣ በስፋት የያዘው ከክፉ ቀን ረኃብ በኋላ ነው። ዛሬ ለደጋ የሚስማሙ ዝርያዎችን የሚያወጣልን በዋናነት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ጃለኔ፣ ጉደኔ (እ.ኤ.አ. 2006) እና በለጠ (እ.ኤ.አ. 2009) ከዚያ የወጡ ናቸው። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ፣ ለዚያ አየር የተመረጠ ዝርያ ኮተቤ ላለችበት ለየካም ይስማማል። ለጀማሪ በለጠን ወይም ጉደኔን እመርጣለሁ፤ ክረምት ላይ ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ ከአሮጌዎቹ የአካባቢ ዝርያዎች ይልቅ ይቋቋማሉ።

ዘሩን ለማግኘት የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ወይም ዘር አባዝቶ ከሚሸጥ ገበሬ ግዙ። መጠኑ የእንቁላል ያህል፣ ገጽታው ያልተሸበሸበ፣ ያልቆሰለ ይሁን። ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱን ለሁለት ሰንጥቁና ጫን ብላችሁ እዩ። ከቆዳው ገባ ብሎ ባለው ቀለበት ላይ ነጭ ፈሳሽ ብቅ ካለ ያንን ዘር ወደ ጓሯችሁ አታስገቡ። የሰነጠቃችሁበትን ቢላም በደንብ እጠቡ። ባለሙያዎች ትልልቁን ቆራርጠው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያ ዓመታችሁ ግን አትቁረጡ፣ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቢላም ይተላለፋልና።

ማጎንቆል

ይህን የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው። ሚያዝያ ውስጥ ዘሩን እንቁላል በሚደረደርበት ካርቶን ላይ፣ ዓይን የበዛበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድሩት። የምታስቀምጡበት ቦታ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ብርሃንና ነፋስ ግን የሚያገኝ መሆን አለበት፤ የበረንዳ ጥግ ይበቃል። ሆለታ ለዘር አምራች ገበሬዎች ያስተዋወቀው የብርሃን መጋዘን የሚሠራውም በዚሁ ብልሃት ነው።

ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ድንች ቁም ሣጥን ውስጥ ተዉት። ከወር በኋላ የጨለማው ነጭ፣ ረጅም፣ ሲነኩት ቀንጠስ የሚል ክር ያወጣል። የብርሃኑ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጉንቁል ያበቅላል። የሚተከለው ይኼኛው ነው። በቅርብ ከመሬት የወጣ ድንች ሁለት ሦስት ወር ስለሚተኛ ቶሎ አላጎነቆለም ብላችሁ አትጣሉት።

መደብና ተከላ

በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ። ከእንጦጦ ሥር ለምንኖር ሰዎች ትልቁ ጣጣ ባሕር ዛፍ ነው። ሥሩ ርቆ ሄዶ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ የረገፈው ቅጠሉም ሌላ ተክል ያቀጭጫል፤ ስለዚህ ከአጥር ዛፉ ራቁ፣ ቅጠሉንም ጉዝጓዝ አታድርጉት። አምና ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች የነበረበትን መደብ እለፉት። ባቄላ ወይም ጎመን የነበረበት ጥሩ ነው።

መሬቱን አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ፣ ሙሉ በሙሉ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ደባልቁ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ። ትኩስ ፍግ አይሆንም። ጓሯችሁ ተዳፋት ከሆነ መስመሩ ቁልቁለቱን ያቋርጥ፤ ከመደቡ በላይ ደግሞ ፈሰስ አውጡ። አለዚያ የሐምሌ ጎርፍ አፈሩንም ድንቹንም ይዞ ይወርዳል።

ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ያዝ ሲያደርግ ትከሉ። በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር (ክንድ ተኩል)፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር (ከስንዝር እልፍ ያለ)፣ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ጉንቁሉ ወደ ላይ። ሦስት በሦስት ሜትር በሆነ መደብ አርባ ያህል ዘር ይገባል፤ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው።

ጓሮ የሌለው በጆንያ ይትከል። ጆንያውን ታቹን በብዙ ቦታ ብሱት፣ አፉን ወደ ውጭ ጠቅልሉና በአንድ ስንዝር አፈርና ብስባሽ ሙሉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘር ይበቃዋል። ተክሉ ሲያድግ ጥቅሉን እየፈታችሁ አፈር ጨምሩ። ጆንያው እስከ አፉ በሞላ ቁጥር ድንቹም በየደረጃው እየተደራረበ ይሄዳል የሚባለውን ግን አትመኑ፤ አብዛኛው ዝርያ የሚያፈራው ከታች ባለው አንድ ንብርብር ነው። ከጆንያ ሁለት ሦስት ኪሎ ካገኛችሁ ተሳክቶላችኋል።

ክረምቱ

ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አረሙን ነቅላችሁ፣ ከሁለት ወገን አፈር አስታቅፉት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። አፈር ያልሸፈነው ድንች ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ድንች መራራና መርዛም ስለሆነ አይበላም።

ከሐምሌ እስከ ቡሄ ያሉት ሳምንታት ፈታኝ ናቸው። ጭጋግ ከእንጦጦ ወርዶ ውሎ በሚያድርባቸው ቀናት በየጠዋቱ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ከላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው በሽታ ነው። የተጠቁትን ቅጠሎች ዝናብ በሌለበት ሰዓት ለቅማችሁ ቅበሩ። ማንኮዜብ የተባለውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የሚረጩ አሉ፤ የሚጠቅመው ግን ቅጠሉ ሳይያዝ ቀድሞ ሲረጭ ስለሆነ ባለሙያ ሳታማክሩ አትጀምሩ። በሽታው የመደቡን ግማሽ ካዳረሰው አትሟገቱት። ግንዱን በሙሉ ከመሬት አጭዳችሁ አርቁ፣ ድንቹንም ሁለት ሳምንት ሳትነኩ ተዉት፤ ወዲያው ከቆፈራችሁት በሽታው ከቅጠሉ ወደ ድንቹ ይተላለፋል።

በዚያው ሰሞን፣ አበባ ሲያወጣ፣ ከሁሉም ጠንካራውንና ንጹሑን ተክል እየመረጣችሁ አጠገቡ እንጨት ትከሉ። ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። ፍልፈል አፈር እየጎለጎለ የመጣበትን ጉድጓድ ካያችሁም ቶሎ ድፈኑት፤ መደቡን ለማበላሸት አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ማውጣት

በለጠም ጉደኔም አራት ወር ገደማ ይፈጃሉ፤ የግንቦት መጨረሻው ተክል መስቀል ሰሞን ይደርሳል። ጥቅምት ገብቶ የኮረብታው ውርጭ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው። ግንዱን አጭዳችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ አንዱን አውጥታችሁ በአውራ ጣት እሹት። ቆዳው ካልተላጠ ደርሷል። ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ከተክሉ ራቅ ብላችሁ ቆፍሩ፣ ሳታጥቡ ጥላ ሥር አድርቁ። ከዚያች ሦስት በሦስት መደብ እኔ በደህናው ዓመት 15 ኪሎ ገደማ አገኛለሁ።

የሚበላውን ጨለማና ነፋሻ ቦታ አስቀምጡ። እንጨት የተከላችሁባቸውን ግን ከሌላው አስቀድማችሁ ለብቻ አውጡ። ከእነሱ የእንቁላል ያህል የሆኑትን ለቅማችሁ ወደዚያው ካርቶን፣ ወደዚያው የበረንዳ ጥግ መልሷቸው። ጥር ላይ ማጎንቆል ይጀምራሉ፤ ውሃ የምታጠጡ ከሆነ የካቲት ውስጥ ለበልግ ይተከላሉ። በዚህ መንገድ ሦስት አራት ወቅት ከሄዳችሁ በኋላ ምርቱ ሲያንስ፣ ከባለሙያው ዘንድ አዲስ ዘር ውሰዱ።