ከመምህርነት በፊት ምን እናዳምጥ፣ ምን እንመልከት፣ ምን እንጫወት?

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወጣንበት ጊዜ በአብዛኞቻችን ላይ አንድ ጉድለት ታይቷል። የትምህርት ዕቅዱ ተሟልቶ ተጽፏል፤ ዓላማው፣ መርጃ መሣሪያው፣ ግምገማው ሁሉ በየሰንጠረዡ ገብቷል። ነገር ግን ከአማርኛው መጽሐፍ ምንባቡን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ማንበብ ስንጀምር ልጆቹ አንድ በአንድ ጥለውን ሄዱ። በአካል አይደለም፤ ዓይናቸው ነው ወደ መስኮቱ የሄደው። ከመካከላችን አንዱ አንብቦ ቀና ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ አለቀ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

ማታ በዶርማችን ስንወያይ የደረስንበት ነገር፣ ጥሩ ንባብ ሰምተን ስለማናውቅ ጥሩ አድርገን ማንበብ አለመቻላችንን ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜያችን የምናየውንና የምንሰማውን መምረጥ ጀመርን። እነሆ እኛ ራሳችን የሞከርናቸውን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን።

ከሁሉ የምናስቀድመው የሚደመጥ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። ቅጂው ዛሬ በኢንተርኔት ስለሚገኝ አንድ ሰው ካወረደው ለዶርሙ ሁሉ ይዳረሳል። ብዙዎቻችን መጽሐፉን በሁለተኛ ደረጃ «አንብበነዋል» እንላለን፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ያነበብነው ለፈተና የሚመጣውን ያህል ነው። ትረካውን ስንሰማ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ጆሯችን ያውቃል፤ አፉ ግን የአንድ ሰው ነው። ይበልጥ ያስተማረን ደግሞ ተራኪው አለመቸኮሉ ነው። የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃል። እኛ ክፍል ውስጥ ያደረግነው ተቃራኒውን ነበር፤ ምንባቡ እንዲያልቅልን እንሮጣለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ከፍቶ ያንኑ ክፍል ማዳመጥ፤ እርሳስ ይዞ ድምፁ ያረፈበትንና ከፍ ያለበትን ቦታ ማስመር፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ለጓደኛ ጮክ ብሎ ማንበብ። በመጀመሪያው ቀን ሳቅ በሳቅ ሆንን። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ቀነሰ፤ በሳምንቱ ደግሞ የጎረቤት ዶርም ልጆች በር ላይ ቆመው ማዳመጥ ጀመሩ። የወጋየሁን ድምፅ መኮረጅ ግን አያስፈልግም። አንድ ጓደኛችን እሱን ልሁን ብሎ ድምፁን አወፍሮ ክፍል ገባና ልጆቹ «ቲቸር ጉንፋን ይዞታል» አሉት።

በነገራችን ላይ፣ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር የተቀጠረ መምህር መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? መምህሩ ተማሪውን ወደዳት ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራክረናል። ልብ ወለዱን እንደ ልብ ወለድ እንወደዋለን፤ በእኛ ሙያ ግን የተከለከለ ነው። ሴቶቹ ጓደኞቻችን በዚህ ነጥብ ላይ ቀልድ አልፈቀዱም፤ ልክም ናቸው።

ለመመልከት የመረጥነው ያሬድ ዘለቀ የሠራውን «ላምብ» የተባለውን ፊልም ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ ከበጉ ከጩኒ ጋር ዘመድ ቤት ይቀራል። ልጁ ወጥ መሥራት ያውቃል፤ አጎቱ ግን ይህ የወንድ ሥራ አይደለም ባይ ነው። በጉንም ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ፊልሙ ዝግ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኛን የነካን አንድ ሐሳብ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ነገ ከክፍላችን ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እኛም የቤት ሥራ አልሠራህም ብለን ጥግ እናቆመዋለን። በጉ ሊታረድበት መሆኑን ማን ነግሮን?

ለማታ ዝግጅት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ እንመክራለን። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉ መነኩሲት ናቸው። በ1970ዎቹ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዱት፣ በገዛ ድምፃቸው የሚያዜሙበት ሥራ «ሱቪኒርስ» በሚል ስም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ከጀርባ የወፎች ድምፅ ይሰማል።

የቀረው ጨዋታ ነው። የስልክ ጌም ለምዶብን ገበጣን የሽማግሌ ጨዋታ አድርገነው ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዓይነቶቹን መዝግበዋል። እኛ የተጫወትነው ባለ 12 ጉድጓዱን ነው፤ በየጉድጓዱ 4፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር። በልምምዱ ትምህርት ቤት የሒሳብ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ የተሞላ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ጊዜ አሸነፈን። «15 ጠጠር ካለበት ብታነሳ የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» ብንለው መነሻውን ጉድጓድ ሳይዘል በዓይኑ ብቻ ዞረና ሦስተኛውን ጉድጓድ በጣቱ ነካ። 15 ሲካፈል ለ12፣ ቀሪ 3 ማለት ነው። ይህንኑ ልጅ በሰሌዳ ላይ ማካፈል ጠይቀነው ዝም ብሎ ነበር። በማግሥቱ ጠጠሮቹን ክፍል ይዘን ገባን፤ ማብራሪያውን የሰጠው እሱ ነው፣ እኛ ጠመኔ ስናቀብለው ነበር።

ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ከዛፉ ሥር ጉድጓዶቹን ቆፍረናል። ዘወትር ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መምጣት ይቻላል፤ መምህራንም ጭምር። ጠጠር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ይዞ ይምጣ።