የገበያ ትምህርት፦ ማስረጃው ከዕቃው ጋር እንዳይቃጠል

በአብነትና በመርካቶ ዙሪያ የሚሠራ ነጋዴ የዕቃውን ናሙና፣ የባንክ ደረሰኙንና የዱቤ ደብተሩን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይይዛል። ስልኩ ከተሰረቀ ግን ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው «3-2-1» የሚባለው ዘዴ ነው። 3 ቅጂ ይኑር፤ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ ይያዝ፤ 1ዱ ከሱቅ ውጭ ይቀመጥ። አንዱ በስልክ፣ ሁለተኛው በሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው የእሳት አደጋ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ስልኩና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ሱቅ ካሉ እሳት ሁለቱንም ይበላል።

ፎቶ በስህተት ቢሰረዝስ? አይፎን የተሰረዘውን «በቅርቡ የተሰረዙ» በሚለው ክፍል እስከ 30 ቀን ያቆያል። ከካሜራ ሚሞሪ ካርድ የተሰረዘ ፎቶም ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙውን ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ፎቶ ሳያነሱ ካርዱን አውጥቶ ለባለሙያ መስጠት ነው።

በወር አንድ ቀን ቅጂውን ከፍተው ይዩት። የማይከፈት ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ዱቤ የወሰደው ሰው «አልወሰድኩም» ባለ ዕለት ነጋዴው የሚያሳየው ያንኑ ፎቶ ነው።