ትምህርት አሥራ አራት፦ የአንድን ቦታ ሁኔታ የሚያስረዳ ገላጭ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፣ ሥዕላዊ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሚመስል በአንባቢው ዓይነ ልቡና ይሥላል። ገላጭ ድርሰት ግን ነገሩ እንዴትና ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ያስረዳል። የሁለቱን ልዩነት አለመለየት አንዳንድ ጊዜ ከማርክ መጉደል የከፋ ጉዳት ያስከትላል። ለምሳሌ የሚከተለውን አጭር አንቀጽ አንብቡ።

«የባሕሩ ዳርቻ እጅግ ውብ ነው። አሸዋው ነጭ፣ ውሃው ሰማያዊ ነው። ነፋሱም ግሩም ስለ ሆነ ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ገብቶ ሊጫወትበት ይችላል።»

ዐረፍተ ነገሮቹ የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ይሁን እንጂ ይህን አምኖ ወደ ውሃው የገባ እንግዳ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ነፋሱ ከየት ወዴት ይነፍሳል? ምን ያህል ይበረታል? ውሃው የሚሞላውና የሚጎድለው መቼ ነው? ጸሐፊው «ግሩም» በሚል አንድ ቅጽል እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ሸፈናቸው። አሁን ስለዚያው ዓይነት ቦታ በጥንቃቄ የተጻፈውን ምንባብ እንመልከት።

ለ. ምንባብ፦ የፓጄ ነፋስና ውሃ

ፓጄ በዛንዚባር ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የምትገኝ መንደር ናት። ደሴቲቱ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቷ ዓመቱን በሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ወቅቶቿን የሚለዩት ይልቁንም ነፋስና ዝናብ ናቸው። በዚህ ዳርቻ ካይትሰርፊንግ የሚባል ስፖርት ይዘወተራል። ስፖርተኛው ከእግሩ ሥር ሳንቃ አድርጎ፣ ከወገቡ መታጠቂያ ጋር በረጃጅም ገመዶች በተያያዘ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ እየተጎተተ በውሃው ላይ ይንሸራተታል። ክንፉ ውሃ ላይ ቢወድቅ እንኳ መልሶ እንዲነሣ የሚያስችለውን በአየር የሚነፋ አሠራር ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1984 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግበውበታል።

በፓጄ ሁለት ዋና ዋና ነፋሳት ይፈራረቃሉ። የአገሬው ሰዎች በስዋሂሊ ቋንቋ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲነፍስ፣ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይነፍሳል። የጥንት ነጋዴዎች ከዐረብና ከሕንድ በመርከብ ወደ ዛንዚባር የሚመጡት በካስካዚ፣ የሚመለሱትም በኩሲ ነበር። በሁለቱ መካከል ከመጋቢት እስከ ግንቦት ታላቁ ዝናብ፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ትንሹ ዝናብ ስለሚዘንብ፣ በእነዚህ ወራት ነፋሱ ይደክማል፤ ወይም አቅጣጫው ይዋዥቃል።

ዳርቻው ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ነው። በመሆኑም ኩሲ ወደ ባሕር ለሚመለከት ሰው ከቀኝ፣ ካስካዚ ከግራ እየመጣ፣ ሁለቱም ወደ ዳርቻው ያዘነብላሉ። ገመዱ ቢበጠስ ወይም ክንፉ ቢወድቅ ነፋሱ ሰውየውን ወደ አሸዋው ይገፋዋል እንጂ ወደ ጥልቁ አይወስደውም። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ግን፣ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ ሰውን ከምድር ያርቃልና አደገኛ ነው።

የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል፣ ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነፋሱ ሲበረታ ስፖርተኛው አነስተኛ ክንፍ ይመርጣል፤ ጥቁር ደመና ከባሕሩ በኩል ሲቃረብም ድንገተኛ ነፋስ እንዳይጥለው ፈጥኖ ይወጣል።

ነፋሱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተዘረጋው የኮራል አለት የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚሰብረው በአለቱና በአሸዋው መካከል ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው። ነገር ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 4 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ያን ጊዜ ውሃው እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ ቀድሞ የተሸፈነው ሹል ድንጋይና እግር የሚወጋው እሾሃም የባሕር እንስሳ ወደ ላይ ይቀርባል።

ባሕሩ ሲጎድል ወደ ውሃው የሚወርዱ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ አካባቢ የባሕር ተክል ለገበያ ይመረታል፤ አብዛኞቹ አምራቾች ሴቶች ናቸው። እንጨት ተክለው በመካከሉ ገመድ ይወጥራሉ፤ ቡቃያውንም በገመዱ ላይ ያስራሉ። ለእንግዳው መጫወቻ የመሰለው ውሃ ለእነርሱ እርሻ ነው። ሳንቃው ገመዱን የበጠሰ እንደ ሆነ የብዙ ሳምንት ድካም ከማዕበሉ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የፓጄን ሁኔታ በሚገባ ገለጽሁ የሚል ጸሐፊ ነፋሱንና ውሃውን ብቻ ሳይሆን የውሃውን ባለእርሻዎችም መጥቀስ ይኖርበታል።

ሐ. የሰዋስው ማብራሪያ

ሁኔታን በምንገልጽበት ጊዜ ሦስት ዓይነት የ«ቢሆን» አነጋገሮች ያገለግሉናል።

1. «ነፋሱ ከባሕር ወደ ዳርቻ ከነፈሰ ሰውየው ወደ አሸዋው ይመለሳል።» «ከ» ከኀላፊ ግሥ ጋር ሲመጣ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀውን ነገር ያመለክታል።

2. «ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ቢነፍስ ሰውየው ወደ ጥልቁ ይወሰዳል።» «ቢ» የሚታሰበውን፣ ሊሆንም ላይሆንም የሚችለውን ነገር ያመለክታል።

3. «የሙላቱን ሰዓት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እግሩ አይቆስልም ነበር።» «ቢ» ከ«ኖሮ» እና ከ«ነበር» ጋር ሲተባበር ጊዜው ያለፈበትንና ሳይሆን የቀረውን ነገር ያመለክታል።

ሦስተኛው የጸጸት አነጋገር መሆኑን ልብ በሉ። ጥሩ ገላጭ ድርሰት በመጀመሪያውና በሁለተኛው አነጋገር አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ አንባቢውም በሦስተኛው ለመናገር እንዳይገደድ ያደርጋል።

መ. መልመጃ

1. በመግቢያው የቀረበውን አንቀጽ፣ ከምንባቡ ባገኛችሁት ዕውቀት እየታገዛችሁ፣ ከስድስት ባላነሱ ዐረፍተ ነገሮች እንደገና ጻፉ። «ግሩም»፣ «ውብ» እና «ጥሩ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።

2. ከምንባቡ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ አራት ቃላትን አውጡና በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ፣ ለማያውቀው ሰው አደገኛ የሆነ አንድ ወንዝ፣ ገደል ወይም መንገድ ምረጡ። ነገ በዚያ የሚያልፍ እንግዳ ጽሑፋችሁን ብቻ ይዞ እንደሚመጣ አስቡና፣ በደኅና እንዲያልፍ የሚያስችለውን ገላጭ ድርሰት በሁለት አንቀጽ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ከጎናችሁ ለተቀመጠው ተማሪ ስጡና «አሁን ታልፋለህ ወይስ ትጠብቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ከጽሑፋችሁ ማግኘት ካልቻለ ድርሰቱ ገና አላለቀም ማለት ነው።