መሪ ለያዝከው ልጄ

ልጄ፣ አይሱዙህን ልታሳየኝ ያመጣኸው ዕለት የፊት መስታወቱ ላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል፣ በሩ ላይ «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» የሚል ጽሑፍ አየሁና ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ የግራውን የኋላ ጎማ ሳየው ግን ጥርሱ አልቋል። ምን ነው ብልህ «እሱ ያውቃል ጋሼ» አልከኝና ሳቅህ። ልጅነትህ ነው ብዬ አለፍኩት እንጂ መልስ አልነበረም። መሪ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝና ረጋ ብለህ ስማኝ።

1. ሳትጸልይ ሞተር አታስነሣ፤ ጸልየህም ጎማህን ዞረህ ሳታይ አትንቀሳቀስ። ጸሎቱ ይርዘም አልልህም፣ አባታችን ሆይና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይበቃሃል። ከዚያ ውረድ። ዘይትህን ለካ፣ ውኃ ጨምር፣ ረዳትህን ፍሬን አስረግጠህ የኋላ መብራቱን ተመልከት። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላት ሊመጣበት እንደሆነ ቢሰማ ጸለየ፤ በዚያው አፍም ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ አቆመ። ዘበኛ በማቆሙ እምነቱ ጎደለ ያለው የለም።

2. ጥበቃውን መፈተኛ አታድርገው። ዲያብሎስ ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰለት ያንኑ አንተ ዳሽቦርድህ ላይ የምታኖረውን ዳዊት ነው፣ 90ኛውን መዝሙር። ቃሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ጌታም አልዘለለም። አንተ ኩርባ ላይ ሌላውን ልትቀድም ስትወጣ «እሱ ያውቃል» ማለትን ከማን እንደተማርከው አስብበት። ሥዕሉንም ከመስታወቱ መሃል አንሣው፣ መንገዱን ጋርዶብሃል። ቅዱስ ሚካኤል አይቀየምህም።

3. ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ ውረድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ ያንን ሁሉ መልሰህ ትወጣዋለህ። የድሮ ሹፌሮች ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ይሉን ነበር። ሲሚንቶ ጭነህ ፍሬንህን ብቻ ተማምነህ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉን ብትረግጠው የሚይዝልህ ነገር አይኖርም። ያን ጊዜ የምትጮኸው ጸሎት አፋፉ ላይ ሳለህ ነበር ጊዜው።

ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ታዲያ ለምን ይሮጣል? ቀድሞ ካልደረሰ የመልስ ጭነቱን ሌላ የሚወስድበት ስለሚመስለው ነው። ብዙዎቻችን ለነፍሳችን እግዚአብሔርን እናምነዋለን፣ ለዕለት ገበያችን ግን አናምነውም። ችኮላ ጥድፊያ ብቻ አይምሰልህ፤ እንጀራዬን ከሰው አፍ ካልነጠቅሁ አላገኘውም ማለት ነው። የአንተን ድርሻ ማንም አይበላብህም። ሲከንፍ ያለፈኝን ሰው ጭነቱ ገደል ሥር ተበትኖ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ ቀርፋፋ እያልን የምንስቅበትን ደግሞ ማታ ደጀን ሽሮውን ሲበላ አገኘዋለሁ።

4. ብር በመስኮት አትወርውር። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ አሉ፤ ወይ ቁምና ስጥ፣ ወይ እለፍ። የበረረውን ብር ልታነሣ አስፋልት ውስጥ የምትገባ ልጅ አለች። ለራስህ ጥበቃ ብለህ የሰጠኸው እሷን እንዳያስገጫት።

5. ጥበቃው በሰው አፍ ሲመጣ አትግፋው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡን ማዕበል መታው። የተሳፈሩት 276 ነፍስ ነበሩ፤ አንድም እንደማይጠፋ መልአክ ነግሮታል። ያም ሆኖ መርከበኞቹ በጀልባ ሊሾልኩ ሲሉ ለመቶ አለቃው ተናግሮ ያስቀራቸው ጳውሎስ ራሱ ነው። ተስፋ ተሰጥቶኛል ብሎ ባለሙያውን አልናቀም። አንተም መካኒኩ «ይሄ መኪና ዛሬ አይወጣም» ሲልህ ፊትህን አታጥቁርበት። ረዳትህ «ጋሼ ቀስ በል» ሲል ደግሞ አትሳደብ፤ እሱም እናት አለው።

6. ተርፈህ ስትመጣ በሞተው ላይ አትመጻደቅ። «እኔን እግዚአብሔር ስለሚወደኝ ነው» የሚለውን ንግግር ለቅሶ ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼ አፍሬያለሁ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድል ጌታ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳይመስሉን አስጠንቅቋል። ጾም የማይገድፍ፣ ሰው የማያስቀይም፣ መኪናውንም እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ባልንጀራ ነበረኝ፤ የሌላ ሰው ፍሬን እምቢ ብሎ መጥቶበት ሞተ። ለምን እሱ? ብለህ ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም፤ መልስ አለኝ የሚልህንም ብዙ አትስማው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ሁሉ የሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት መውጣት ያነሣል። ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ ያሉትን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም ነበር ያሉት። ልጄ፣ እንዲህ ያለውን እምነት ያዝ። አንድም ጭረት አይነካኝም የሚለው የመጀመሪያው አደጋ ላይ ይሰበራል።

7. እንቅልፍ ሲመጣብህ ቁም። በጫት አትታገለው። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሳለ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ በልቶ መልሶ ሲተኛም አልተቆጣውም። ከተማ ግባ፣ ለጎማው ታኮ አድርግ፣ ተሸፋፍነህ ተኛ። ዕቃው ነገ ይደርሳል።

8. ስትደርስ ለእናትህ ደውልላት። አንተ በወጣህ ቁጥር ሻማ አብርታ ሌሊቱን ትቆማለች፤ ድምፅህን ሳትሰማ ጋደም አትልም። እየነዳህ ግን እንዳትደውል፤ ዳር ይዘህ፣ ሞተር አጥፍተህ።