የድሮውን ጽሑፍ ከነዓይነቱ ማሻገር

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በሻሸመኔ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የጻፋችሁት የዓመታት ሥራ ዛሬም ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ማሽኑ ሳይሞት አውጡት። ዚፕ አድርጎ በፍላሽ መውሰዱ ቀላል ነው። ፋይሉ ምን እንደነበር ሳይጠፋ ማድረሱ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው።

ዊንዶውስ የፋይልን ዓይነት የሚለየው ከነጥቡ በኋላ ባለው የስሙ ጭራ ነው፤ ያንን ጭራ ደግሞ ይደብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማይ ኮምፒውተርን ክፈቱና በ«ቱልስ»፣ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ»፣ በ«ቪው» ገብታችሁ «ሃይድ ኤክስቴንሽንስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ስም ስትቀይሩ ጭራውን አትንኩ። መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ «ፎቶ» ካያችሁ ግን ሳትከፍቱ አጥፉት፤ ፎቶ አይደለም።

ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉት። የኤክስፒ ዚፕ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አልቀበልም ይላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፎንቱን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የቀደሙት ፕሮግራሞች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ማመልከቻችሁ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት የሚከፋፍሉም ስላሉ፣ ከኮንትሮል ፓነል «ፎንትስ» ውስጥ ሁሉንም ገልብጣችሁ ከሰነዶቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱ። አንድ ገጽም በወረቀት አትሙ፤ ኋላ ለማመሳከር ይጠቅማል።

አሁን ፎልደሩን በቀኝ ተጫኑና በ«ሴንድ ቱ» በኩል ዚፕ አድርጉት። ራርን አልመክርም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከዊንራር 5 ጋር የመጣውን አዲሱን ዓይነት የቆዩት ዊንራሮች አይከፍቱትም።

ጭራው ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ የፋይሉን ቅጂ በኖትፓድ ክፈቱ። በላቲኖቹ «ፒ» እና «ኬ» ከጀመረ ዚፕ ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የዚፕ ፈጣሪ የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው። ግን አትቸኩሉ፦ ከወርድ 2007 ወዲህ ያለው ዶክኤክስም በውስጡ ዚፕ ስለሆነ በእነዚሁ ይጀምራል። የቅጂውን ጭራ ዚፕ ብላችሁ ስትከፍቱት «ወርድ» የሚባል ፎልደር ካገኛችሁበት ሰነድ ነውና ጭራውን ዶክኤክስ ብላችሁ መልሱለት።

አሮጌ ማክ ላይ ነገሩ ይለያል። ዓይነቱ ከስሙ ውጭ፣ በተደበቀ ባለአራት ፊደል ኮድ ይያዛል፤ የፎንቱ ይዘትም ፒሲ በማያውቀው የፋይሉ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ እዚያው ማኩ ላይ ስታፊት በተባለው ፕሮግራም ጠቅልላችሁ ቢንሄክስ በተባለው ፎርማት ካላሸጋችሁት፣ በፒሲ ፍላሽ ሲሻገር ፎንቱ 0 ባይት ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ዚፑን በአዲሱ ማሽን ፈትታችሁ፣ ፎንቶቹን ጭናችሁ፣ ሰነዱን ካተማችሁት ገጽ ጋር ሳታመሳክሩ አሮጌውን ፎርማት አታድርጉት።